ጊታሩ ሳይነካ የሚጮኸው ምንድን ነው?

ክረምት ነው። ጅማ ዝናብ ስታወርድ ታውቁታላችሁ፤ ቆርቆሮ ሥር ሆኖ መደማመጥ አይቻልም። በዚያ ዝናብ አንድ ልጅ ጊታሩን በላስቲክ ጠቅልሎ ቤቴ መጣ። የቆጪ ሰፈር ልጅ ነው። ሠርግና ልደት ላይ ከሚሠሩ ጓደኞቹ ጋር ሊድ ጊታር ይጫወታል።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ሊያሳብደኝ ነው» አለኝ።

ሰካነው። አምፑን፣ ማለትም የጊታሩን ድምፅ ማጉያ፣ አበራሁት። ጊታሩ ገና ክሩ ሳይነካ «እምምምም» ማለት ጀመረ። ቀፎ ውስጥ የተቆጣ ንብ ይመስላል። ከዝናቡ በላይ ይሰማል።

ሦስት ሰው አማክሮ ሦስት መልስ አግኝቷል። አንዱ ጊታሩን ቀይር ብሎታል። ሌላው አምፑ ነው ብሎታል። ሦስተኛው ደግሞ «ኖይዝ ጌት» የሚባል ጫጫታ የሚዘጋ ፔዳል (በእግር የሚረገጥ የድምፅ መቀየሪያ) ግዛ ብሎታል። እሱም ለፔዳሉ ብር እያጠራቀመ ነው። «ተው፣ አትግዛ፤ መጀመሪያ እንስማው» አልኩት።

እኛ ሁሉንም «ኖይዝ» ብለን በአንድ ስም እንጠራዋለን። ነገሩ ግን አንድ አይደለም። የተለያየ ቦታ የሚወለዱ፣ የተለያየ ድምፅ ያላቸው ነገሮች ናቸው። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው ምንም አያደርግለትም። ብዙ ልጆች ብራቸውን የሚጨርሱት በዚህ ነው፤ በሽታው ሳይታወቅ መድኃኒት ይገዛል።

ስለዚህ ጆሯችሁን አቅርቡ። ወፍራም፣ የማይቋረጥ «እምምም» ከሆነ ከመብራት የመጣ ነው። ቀጠን ያለና የሚቆረቁር «ዝዝዝ» ከሆነ ብዙ ጊዜ ከአምፖል፣ ከዲመር (የመብራት ማደብዘዣ) ወይም ከርካሽ ቻርጀር ነው። ውሃ እንደሚያፈስ ቧንቧ «ሽሽሽ» ካለ የአምፑና የፔዳሉ የራሱ ድምፅ ነው። ገመዱን ስትነኩት «ቋ፣ ጭርር» ካለ የሆነ ቦታ ግንኙነት ላልቷል። «ት-ት-ት-ትር» የሚለውን ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስልክ ሊጠራ ሲል ነው። ስልኩን ከጊታሩ አርቁት፣ አለቀ።

እምታው ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙውን ሰው የሚያማርረው እሱ ነው።

አገራችን ውስጥ ሶኬት ላይ የሚመጣው መብራት 220 ቮልት ነው። እንደ ባትሪ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አይሄድም። ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ በሰከንድ 50 ጊዜ። ከእኛ ብዙም ሳይርቅ፣ ግልገል ጊቤ ላይ የሚሽከረከረው ጄኔሬተር የሚያመነጨው በዚህ ምት ነው። መስመሩ ላይ የተገናኙት ሌሎች ጄኔሬተሮችም በሙሉ ከዚሁ ምት ጋር እኩል ይሄዳሉ። አምፓችሁ ውስጥ የምትሰሙት እምታ ይህ ምት ነው። ሽቦ ባለበት ሁሉ አለ። ግድግዳው ውስጥ አለ፣ ፍሪጁ ውስጥ አለ፣ ስታቢላይዘሩ ውስጥ አለ።

በጆሮ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። ወፍራሙን ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ይዛችሁ ምቱት። ያ ኖታ ጂ ነው፤ በሰከንድ 98 ጊዜ ይርገበገባል። የ50 እጥፍ 100 ነው። እምታው ከዚያ ኖታ ጋር ተቀራርቦ፣ ግን ትንሽ ከፍ ብሎ ከተሰማችሁ ጥርጣሬ አይግባችሁ፣ ከመብራት ነው። ልጁ ይህን ሲሞክር ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። «ለካ ኖታ አለው!» አለ። አዎ፣ አለው።

ቀጥሎ ያለው ሥራ ምንጩን ማጥበብ ነው። መንገዱ ከአምፑ ወደ ኋላ ነው፣ አንድ በአንድ። ሁለት ነገር በአንዴ ከቀየራችሁ የትኛው እንደፈታው አታውቁም።

መጀመሪያ ገመዱን ከአምፑ ንቀሉትና አምፑን ባዶውን አብሩት። ባዶውን እያለም ጮክ ብሎ እም ካለ ችግሩ አምፑ ውስጥ ነው። አምፕ የሚመላለሰውን መብራት ወደ አንድ አቅጣጫ ይቀይረዋል። ሲቀይረው በሰከንድ 100 ጊዜ የሚመታ ኃይል ይሆናል። ያንን ምት የሚያለሰልሱት ካፓሲተር የሚባሉ ዕቃዎች ናቸው። እነሱ ሲያረጁ ምቱ ሾልኮ ወደ ስፒከሩ ይደርሳል። ባለሙያ ይቀይራቸዋል። እናንተ ግን አትክፈቱት። በተለይ የቲዩብ አምፕ (የድሮው ዓይነት፣ በመስታወት ቱቦ የሚሠራው) ከሆነ፣ ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ሰው ይገድላል።

የልጁ አምፕ ባዶውን ዝም አለ። አንድ ተጠርጣሪ ነፃ ወጣ።

ከዚያ ገመዱን ከጊታሩ ጋር ሰካንና የጊታሩን ቮልዩም እስከ ዜሮ ዘጋነው። አንድ ነገር ልብ በሉ። ገመዱን አምፑ ላይ ብቻ ሰክታችሁ ሌላውን ጫፍ ሜዳ ላይ ከተዋችሁት ይጮኻል፤ ጤነኛ ገመድም ይጮኻል። በእሱ አትፍረዱ። ጊታሩ ላይ ተሰክቶ፣ ቮልዩሙ ተዘግቶ ነው መፈተን ያለበት። ቮልዩም ሲዘጋ የፒክአፑ (ከክሩ ሥር ሆኖ ድምፁን የሚለቅመው ዕቃ) ድምፅ ወደ ግራውንድ፣ ማለትም ወደ ጋራው መመለሻ ሽቦ፣ ይወርዳል። ስለዚህ ዜሮ ላይ ሆኖም የሚጮኽ ከሆነ ጥፋቱ የገመዱ፣ የጃኩ (የገመዱ ጫፍ መሰኪያ) ወይም መሃል ያሉት ፔዳሎች ነው። ዜሮ ላይ ዝም ብሎ ሲከፈት የሚጮኽ ከሆነ ጊታሩ ውስጥ ነው፣ ወይም ጊታሩ ከአየር ላይ የሚለቅመው ነው።

የልጁ ዜሮ ላይ ዝም አለ። ከፈትነው፣ ጮኸ። ወደ ጊታሩ ተጠጋን ማለት ነው።

እዚህ ላይ ግን ስለ ገመድ ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። የጊታር ገመድ ውስጥ ድምፁን የሚሸከም አንድ ቀጭን ሽቦ አለ። በዙሪያው እንደ መረብ የተጠለፈ ሌላ ሽቦ አለ። መረቡ እንደ ጃንጥላ ነው፤ የውጪው ጫጫታ መሃሉ ላይ እንዳይደርስ ይከላከላል። መረቡ ጃኩ ጋ ከተበጠሰ ጃንጥላው የለም ማለት ነው፤ እምታው ይፈነዳል። ገበያ ላይ ሁለት ጫፉ ጃክ ያለው ግን ለስፒከር የተሠራ ገመድም አለ። እሱ መረብ የለውም። መልኩ አንድ ነው፣ ልጆች ሳያውቁ ይገዙታል። ስትገዙ የጃኩን ሽፋን በእጅ ፈታችሁ ውስጡን እዩ። ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት እኩል ሽቦዎች ካያችሁ የስፒከር ነው፣ ተዉት።

የእኛ ከተማ እርጥበትም ጃክ ይጎዳል። ክረምቱን ሙሉ ሳጥን ውስጥ የከረመ ጃክ ደብዘዝ ይላል፣ ሲነኩት ጭርር ይላል። በጨርቅ ላይ ትንሽ አልኮል አድርጋችሁ ወልውሉት። አዲስ ገመድ ከመግዛት በፊት ይህን ሞክሩ።

ወደ ልጁ ጊታር እንመለስ። ሦስት ነጠላ ፒክአፕ ያለው፣ በስትራቶካስተር ቅርጽ የተሠራ ጊታር ነው። ነጠላ ፒክአፕ ማግኔት ላይ የተጠመጠመ ሽቦ ነው። ሽቦው ከፀጉር አይወፍርም፤ ከ7000 እስከ 8000 ዙር ይጠመጠማል። ክሩ ማግኔቱ አጠገብ ሲርገበገብ ሽቦው ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ድምፃችሁ እሱ ነው። ግን ያ ሁሉ ዙር ሽቦ የክሩን ብቻ አይሰማም። ከስታቢላይዘሩ ትራንስፎርመር የሚወጣውን ማግኔትም እኩል ይሰማል። አንቴና ነው።

አንቴና መሆኑን ለማየት ልጁን ወንበር ላይ አስቀምጬ ከጊታሩ ጋር ቀስ ብሎ እንዲዞር አደረግሁት። ወደ በሩ ሲዞር እምታው ቀነሰ። ወደ ቴሌቪዥኑ ሲዞር ጨመረ። ከቴሌቪዥኑ ሥር ስታቢላይዘር አለ። ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ሲል በጣም ወረደ። ከዚያ ረጅሙን ፍሎረሰንት መብራት አጠፋሁት። «ዝዝዝ» የሚለው ቀጭኑ ድምፅ ብቻ ተለይቶ ጠፋ፤ ወፍራሙ ቀረ። ሁለት ድምፅ ተደራርቦ ነበር ማለት ነው። አንድ ብር ሳይወጣ ግማሹ ተፈታ።

የዚህ አንቴናነት ነገር ድሮም ሰው አስቸግሯል። ሴት ላቨር የሚባል የጊብሰን ኩባንያ መሐንዲስ በ1955 እ.ኤ.አ. ለአንድ ፒክአፕ የፈጠራ መብት አመለከተ። በ1959 ተሰጠው። ዛሬ ሃምበከር የምንለው ነው። ሐሳቡ ደስ ይላል። አንድ ሽቦ ከመጠምጠም ሁለት አድርጎ ጎን ለጎን አስቀመጠ። የአንዱን ማግኔት ዋልታ ከሌላው ተቃራኒ እንዲሆን ገለበጠው፤ ድምፁ የሚሄድበትን አቅጣጫም ገለበጠው። የክሩ ድምፅ ሁለት ጊዜ ስለተገለበጠ ሁለቱ ጋ አንድ ዓይነት ሆኖ ይወጣል፣ ይደመራል። ከውጪ የሚመጣው እምታ ግን ማግኔቱ አይመለከተውም። አንዴ ብቻ ስለሚገለበጥ አንዱ ወደ ላይ ሲገፋ ሌላው ወደ ታች ይጎትታል። ይጠፋፋሉ።

ነጠላ ፒክአፕ ያላችሁም ከዚህ ተካፋይ ልትሆኑ ትችላላችሁ። በብዙ ባለ ሦስት ፒክአፕ ጊታሮች የመሃለኛው ፒክአፕ ተገልብጦ ነው የሚጠመጠመው። የፒክአፕ መምረጫውን ሁለተኛው ወይም አራተኛው ቦታ ላይ ስታደርጉት ሁለት ፒክአፕ አብረው ይሠራሉ፣ እምታውም ይጠፋል። የእናንተ ላይ ከጠፋ ጊታሩ እንደዚያ የተሠራ ነው። የልጁ ላይ ጠፋ። ለካ ዓመት ሙሉ እጁ ላይ የነበረ መፍትሔ ነው።

ግን አንድ ነገር አልተዋጠልኝም። ክሩን በእጁ ሲነካ ጫጫታው አልተለወጠም።

በተለምዶ ጤነኛ ጊታር ክሩን ስትነኩት ጸጥ ይላል፣ እጃችሁን ስታነሱ ትንሽ ይጮኻል። ሰው ይህን ብልሽት ይመስለዋል። አይደለም። ሰውነታችን ራሱ በዙሪያው ካለው ሽቦ ጫጫታ ይለቅማል፤ ጊታሩን ስናቅፈው ደግሞ ለፒክአፑ እናቀብለዋለን። ክሮቹ በብሪጁ (ጊታሩ ሆድ ላይ ክሮቹን በያዘው ብረት) በኩል ከግራውንድ ጋር በሽቦ የተያያዙ ናቸው። ክር ስንነካ ሰውነታችን የለቀመውን በዚያ ያወርደዋል። ስለዚህ ሲነኩት ዝም የሚል ጊታር ሽቦው ደህና ነው። ክሩን ነክታችሁት ካልተለወጠ፣ የጃኩን ብረት ስትነኩ ግን ዝም ካለ፣ ያ ሽቦ ተበጥሷል።

«ጃኩን ንካው» አልኩት። ነካው። ዝም አለ።

ጊታሩን ገልብጠን የጀርባውን ክዳን ፈታን። ስድስት ብሎን ነው። ስፕሪንጎቹን የያዘ ጥርስ ያለው ብረት አለ። እሱ ላይ ተበይዶ መገኘት የነበረበት ጥቁር ሽቦ ተላቆ ተንጠልጥሏል። ጫፉ ላይ የድሮው እርሳስ እንደ ዶቃ ደርቆ ቀርቷል። ብረቱ ሳይሞቅ በጥድፊያ የተበየደ ነው፣ ተጣብቆ አያውቅም። ብረቱን በአሸዋ ወረቀት ፋቅ ፋቅ አድርጌ፣ በደንብ አሙቄ መልሼ በየድኩት። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ክሩን ሲነካ ጸጥ። ልጁ ሦስት አራቴ እየነካ እየለቀቀ ሞከረው።

ጊታር ውስጥ የመዳብ ወረቀት ስለመለጠፍም ጠየቀኝ። ጥሩ ነው፣ ግን የሚሠራውን እወቁ። ከግራውንድ ጋር የተገናኘ የመዳብ ሽፋን ያንን የሚቆረቁረውን «ዝዝዝ» በደንብ ይቀንሳል። ከትራንስፎርመር በማግኔት የሚመጣውን ወፍራም እምታ ግን አያቆመውም። ማግኔት በመዳብ ወረቀት ውስጥ አልፎ ይሄዳል። ለእሱ መድኃኒቱ መራቅ፣ መዞር ወይም ሃምበከር ነው።

ፔዳል የምትጠቀሙ ደግሞ አዳፕተሩን ጠርጥሩ። ለስልክ የተሠራ ርካሽ ቻርጀር ቀይሮ 9 ቮልት የሚያወጣ ነገር ብዙ ጊዜ ቀጭን ፉጨት ያመጣል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ፔዳሉ ባትሪ የሚቀበል ከሆነ በ9 ቮልት ባትሪ አብሩት። ፉጨቱ ከጠፋ አዳፕተሩ ነው። ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክር ፔዳል) ያለው ሰውም አይደናገጥ። ዲስቶርሽን ትንሹን ድምፅ ሁሉ ስለሚያጎላ ድሮ የነበረውን እምታና ሽሽታ አብሮ ያሳድጋል። «ሽሽሽ» የሚለው ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ዕቃዎቹ ውስጥ ኤሌክትሮኖች በሙቀት ከሚያደርጉት እንቅስቃሴ ጭምር የሚመጣ ነው። ጌኑን (የማጉያውን መጠን) ዝቅ አድርጋችሁ ቮልዩሙን ከፍ ማድረግ ይቀንሰዋል።

በየሰፈሩ መብራት ይሄዳል፣ ሁላችንም እንማረራለን። ለእኔ ግን ከዚህ የተሻለ መፈተኛ የለም። በባትሪ የምትሠራ ትንሽ አምፕ አለችኝ። መብራት ሲሄድ ጊታሩን እሷ ላይ እሰካለሁ። ጫጫታው አብሮ ከሄደ ምንጩ የቤቱ መብራት ነው፤ ካልሄደ ጊታሩ፣ ገመዱ ወይም አምፗ ራሷ ናት። መብራት ሲመጣ እምታው ከአምፖሉ ጋር እኩል ብቅ ሲል ትሰሙታላችሁ።

ልጁ በደስታ ሄደ። በሳምንቱ እሑድ ማታ ደወለ። አዳራሽ ውስጥ ናቸው፤ እምታው ተመልሷል፣ ያውም ካለፈው በላይ።

ሄድኩ። የጊታር አምፑ መድረክ ላይ ካለ ሶኬት ተሰክቷል። ሚክሰሩ አዳራሹ መጨረሻ ካለ ሌላ ሶኬት። ከአምፑ ወደ ሚክሰሩ ረጅም ገመድ ተዘርግቷል። ሚክሰሩ ላይ ደግሞ ላፕቶፕ አለ፣ ቻርጀሩ ተሰክቶ።

ይህ ሌላ በሽታ ነው፤ ግራውንድ ሉፕ ይባላል። እያንዳንዱ ዕቃ በስፒናው በኩል ከመሬት ጋር ይገናኛል። በድምፅ ገመዱ በኩል ደግሞ እርስ በርስ ይገናኛሉ። ስለዚህ ከአምፑ ወደ ሚክሰሩ፣ ከሚክሰሩ ወደ ሶኬቱ፣ ከሶኬቱ በግድግዳው ሽቦ ዞሮ ወደ አምፑ የሚመለስ ትልቅ ቀለበት ተፈጠረ። ሁለቱ ሶኬቶች ጋ ያለው «መሬት» በትክክል እኩል ስላልሆነ በቀለበቱ ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይዞራል። የሚዞረው በ50ው ምት ነው። ከድምፁ ጋር ተቀላቅሎ ይወጣል። እዚህ ጊታሩን ብትዞሩበት፣ ክሩን ብትነኩት ምንም አይለወጥም። መለያው ይኸው ነው።

መጀመሪያ የላፕቶፑን ቻርጀር ነቀልኩ። ከላፕቶፑ ይመጣ የነበረው «ጭሪሪ» ጠፋ፤ በባትሪ ይሥራ አልን። ከዚያ ከሚክሰሩ ጋር ካለው ዲቫይደር ረጅም ገመድ ወደ መድረኩ ዘርግተን አምፑንም ከዚያው ሰካን። ቀለበቱ ጠበበ፣ እምታውም አብዛኛው ወረደ። ለቀረው ዲአይ ቦክስ የሚባል፣ ድምፁን ወደ ሚክሰር የሚያስተላልፍ ትንሽ ሳጥን ተጠቀምን። ዲአይ ቦክስ ላይ «ሊፍት» የሚል ማብሪያ ማጥፊያ አለ። የድምፅ ገመዱን ግራውንድ ብቻ ያላቅቃል፤ የመብራቱን አይነካም።

ከልጆቹ አንዱ አጭር መንገድ ነበረው። «ጋሼ፣ ስፒናው ላይ ያለውን የኧርዝ ብረት በፕላስተር ብንሸፍነውስ? ድሮ እንደዚያ ነበር የምናደርገው» አለኝ። እምታው በእርግጥ ይጠፋል። ያ ብረት ግን የተቀመጠው ለድምፅ አይደለም፣ ለነፍስ ነው። አምፑ ውስጥ ሽቦ ተላቆ ብረቱን ቢነካ 220 ቮልቱ በኧርዝ በኩል ወደ መሬት ይሄዳል፣ ብሬከሩም ይጥላል። ኧርዙ ከሌለ ኤሌክትሪኩ ጊታሩ ክር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ክሮቹ ከግራውንድ ጋር የተያያዙ ናቸው ብዬ የለ? ክሩን የያዘ ሰው ከንፈሩ ማይክ ሲነካ መንገዱን የሚሞላው እሱ ነው። በ1972 እ.ኤ.አ. ሌስሊ ሃርቪ የሚባል የስኮትላንድ ጊታሪስት ዌልስ ውስጥ፣ ስዋንሲ ከተማ መድረክ ላይ በትክክል ኧርዝ ያልተደረገ ማይክ ይዞ ሞተ። 27 ዓመቱ ነበር።

ማይክ ሲጠጉ ከንፈራችሁን «ንዝር» የሚያደርግ መድረክ ላይ ከሆናችሁ አትጫወቱ። አጥፉና መብራት ሠራተኛ ጥሩ። ብዙ የድሮ ቤቶችና አዳራሾች ሁለት ቀዳዳ ብቻ ያለው፣ ኧርዝ የሌለው ሶኬት ነው ያላቸው። ጎኑ ላይ ብረት ያለው ሶኬት ቢኖርም ከኋላው ሽቦ ላይኖር ይችላል። ባለሙያ ለክቶ ይንገራችሁ። ለልጆቹ ይህን ስነግራቸው ፕላስተሩን የያዘው ልጅ ቀስ ብሎ ኪሱ ከተተው።

ኖይዝ ጌቱስ? የሚሠራው ስትጫወቱ ሳይሆን ስታቆሙ ነው። ድምፁ ከተወሰነ ልክ ሲወርድ በሩን ይዘጋል። ኖታ ስትመቱ በሩ ይከፈታል፣ እምታውም ከኖታው ጋር ይገባል። ትዝታን በለስላሳ ጣት ለሚጫወት ሰው ደግሞ ረጅሙን የኖታ ጅራት ይቆርጥበታል። ብዙ ዲስቶርሽን ለሚጠቀም ይጠቅመው ይሆናል። ለዚህ ልጅ ግን አያስፈልገውም። ባጠራቀማት ብር ደህና መረብ ያለው ገመድ ገዛ፣ አምስት ሜትር። የተረፈችውን ለክር አዋላት።